የክንፍ ዱቄት

ማካሳር፣ ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
ጠባብ ክፍል አለኝ፣ ነፋስ የማያስገባ።
ሥራዬ ጽዳት ነው፤ ሰው ግን ሲጠይቀኝ
«የዓይን ሐኪም» እላለሁ፤ ማንም አያርመኝ።

ዳኤንግ ሲኪ መጣ፣ ዝናብ ባባራ ለት፣
ካሜራውን አቅፎ፣ ሽሚዙን አልብሶት።
ከባንቲሙሩንግ ነው፤ ውኃ ከነጭ ገደል ከሚወረወርበት፣
ቢራቢሮ ሰፍሮ ከእርጥብ አሸዋ ላይ ጨው ከሚልስበት።

«ይኸን እይ» አለኝና ፎቶ ደረደረ፤
ሰማያዊ ክንፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረ።
«መጽሐፍ አያውቀውም። አርባ ዓመት ስይዛት፣
በመረብ ስቀልባት፣ በመርፌ ስሰካት፣
በመስታወት ሣጥን ለቱሪስት ስሸጣት፣
ይህን ምልክት ይዛ አንድም ቀን አላየኋት።
አዲስ ዘር ናት» አለኝ፤ እጁም ተንቀጠቀጠ፤
«የባሴ ትባላለች» ብሎ ምራቁን ዋጠ።

ባሴ ሚስቱ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሆናት ካረፈች።
መረቡን ያቃጠለች፣
ዶሮዎቿን ሸጣ ይህን ካሜራ የገዛች፣
«ካየሃትስ አይበቃም? መግደሉን ተው» ያለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀጣዩን ፎቶ ከፈትሁ።
ሌላ ቢራቢሮ፣ ቢጫ፤ ነጥቡን እዚያም አገኘሁ።
ከዚያ ባዶ ሰማይ። ከዚያ የጎረቤት ሠርግ።
ነጥቡ ንቅንቅ አይልም፤
ከመሐል ወጣ ብሎ፣ ወደ ቀኙ ጥግ።

እሱም አየ።
ዝናቡ እንደገና ቆርቆሮውን መታ።
«ሴንሰሩ ቆሽሿል» አልሁት በዝግታ።
«ፀሐይ ስትበረታ ቀዳዳው ይጠባል፣
ያኔ ነው የውስጡ ጉድ አደባባይ የሚወጣል።
ሌንስ የት ነው የምትቀይር?» «እዚያው፣ ወንዙ አጠገብ፤
መንጋው ከአሸዋው ሲነሣ፣ ዙሪያዬን ሲከብብ።»

ካሜራ አፉን ከከፈተ የሚውጠውን አያማርጥም።
ባትሪው ሳይሞላ፣ ትንፋሽም ሳይያዝ፣ ውስጡ አይነካም።
ሞላሁ። መስታወቱን አነሣሁ። ቁልቁል ደፋሁት።
በጎማ መንፊያ ሦስቴ እፍ፤ በአፍ ግን አይሞከርም፣ ምራቅ ጠላቱ ናት።
አልወረደም።
በአጉሊ መነጽር ጎነበስሁ።
አቧራ አልነበረም።

ቅርፊት ናት፤ ከዓሣ ቅርፊት ሺህ ጊዜ ያነሰች፣
እንደ ጣሪያ ክዳን በአንድ ወገን ጥርስ ያወጣች፣
ሰማያዊም አይደለች፣ ቢጫም፤ ብርሃን ሲነካት የምታብረቀርቅ፣
ከክንፍ የረገፈች የአንዲት ቢራቢሮ እራፊ ጨርቅ።

ለዳኤንግ አሳየሁት። ረጅም አየ። ሳቀ፤
«አርባ ዓመት ሰካኋቸው፤ ዛሬ አንዷ ሰካችኝ» አለ፤ ሳቁም በሳል አለቀ።

መጥረጊያው ላይ ሁለት ጠብታ፤
ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ፣ መመለስ የለም።
ልጀምር ስል እጄን ያዘኝ፤ «ቆይ» አለኝ፤ ሌላ ግን አልጨመረም።

ከኪሱ ፎቶ አወጣ። ባሴ ናት፤ በደጃፏ፣
የቀረቻትን ዶሮ ታቅፋ፣ ሳቅ ሊያመልጣት ከአፏ።
ጉንጯ ላይ ያው ነጥብ።

«ለቀብሯ ያሳተምነው ነው። የማተሚያ ቤት ጥፋት መስሎኝ ነበር እስከ ዛሬ።
ነጥብ ኖሯት አያውቅም።
የልጄ ልጅ ኒሳ ግን አያቷን አታስታውስም።
አያቴን ልሁን ብላ ስትጫወት፣ ከድስት ቂጥ ጥላሸት በጣቷ ትነካና
ጉንጯ ላይ ታደርጋለች።»
ዝም አልን እንደገና።

ጠረግሁ። አንድ ጊዜ። ነጩን ግድግዳ አነሣሁ።
ምንም የለበትም።
«ያቺን ፎቶስ ላርማት? ደቂቃም አይፈጅብኝ» አልሁ።
«ተዋት» አለ። «ኒሳን ማን ያስረዳታል?»
ካሜራውን በሽሚዙ ጠቅልሎ፣ ሒሳቡን ሳይቆጥር ከፍሎ፣
በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

በሳምንቱ የዓሣ መኪና ሹፌር ፖስታ አቀበለኝ፤
ሰማያዊ ክንፍ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ንጹሕ።
ከጀርባው በእርሳስ፦
«ተራ ናት፤ በየወንዙ ያለች።
ቢሆንም እያት።»